ኬብሉ ያልተሰካው ኪቦርድ

በዓል ሲመጣ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው የኔን ቅሬታ በቃሉ ይዞታል። እማዬማ ሪሞቱን ገና ሳነሳ «ዛሬ እንኳን አፍሽን ያዢልን» ትለኛለች። ግን ምን ላድርግ፣ ዓይኔ እዛው ነው የሚሄደው። ስቱዲዮው ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ አርቲስቶቹ በሀበሻ ልብስ አምረው ተደርድረዋል፣ ከዛ አቅራቢው «አሁን ደግሞ በሙዚቃ ዘና እንበል» ይልና ዘፋኙ ይነሳል። ከኋላው ባንድ ቆሟል። ኪቦርዲስቱ ጣቶቹን ያራውጣል፣ ኪቦርዱ ግን ምንም ኬብል የለውም፣ የድምፁን ተዉት የመብራት ገመድ እንኳን አልተሰካም። ድራመሩ ሲምባሉን ይመታል፣ ሲምባሉ ይወዛወዛል፣ የምንሰማው ግን ድሮ ስቱዲዮ ውስጥ በኮምፒውተር የተሰራውን ድራም ነው። ዘፋኙ ደሞ ማይኩን ወደ እንግዶቹ ዘርግቶ «እናንተ በሉ» ሲል የራሱ ድምፅ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ፕሌይባክ ነው። ዘፋኙም ያውቃል፣ ካሜራማኑም ያውቃል፣ እማዬም ታውቃለች። እሷ «ታዲያ ምን አለበት፣ ዘፈኑ እንደሆነ ያው ዘፈኑ ነው» ትላለች፣ እኔ ደሞ እሱ ዘፈን እኮ ፍላሻችን ውስጥም አለ፣ ሰውዬውን ከቤቱ አስመጥቶ አፉን ማንቀሳቀስ ለምን አስፈለገ እላለሁ። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከእማዬ ጋር ናት። እሷ ቤት ኢቢኤስ ከጠዋት ይከፈትና ዶሮው እስኪወጣ አይዘጋም፣ ቁጭ ብሎ የሚያየው የለም፣ ግን ድምፁ ከሌለ በዓል በዓል አይልም ትላለች። «አንቺ እዛው ስላለሽ ነው የምታማርጪው» አለችኝ አንዴ። እሷን አልከራከራትም። ከሀገር ርቆ ሽንኩርት እየከተፈ ለሚያዳምጥ ሰው ፕሌይባክም ይበቃዋል።

የጣቢያዎቹም ችግር ይገባኛል። ባንድ ላይቭ ለመቅረጽ ለእያንዳንዱ መሳሪያ መስመር መሳብ አለ፣ ሚክሰር ላይ የሚቀመጥ ጆሮ ያለው ባለሙያ አለ፣ ሳውንድ ቼኩ ራሱ ግማሽ ቀን ይበላል፣ እነሱ ደሞ በዛችው ቀን ብዙ ዘፋኝ ቀርጸው መጨረስ ነው የሚፈልጉት። በዛ ላይ የበዓል ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ስለሚቀረጽ የፋሲካው ሁዳዴ ሳይወጣ ያልቃል። እስቲ አስቡት፣ ዶሮ ወጡ ቀርቧል፣ ከእንግዶቹ ግማሾቹ ጾመኛ ናቸው፣ አቅራቢዋ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለች እንጀራ ትጠቀልላለች፣ እጇ አፍ አጠገብ ሲደርስ ካሜራው ቶሎ ብሎ ወደ ቡናው ይዞራል። ጉርሻውም ፕሌይባክ ነው።

ግን ሁሌ እንዲህ አልነበረም እኮ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሲጀመር ቀርጾ ማስተላለፍ እንደዛሬው ቀላል ስላልነበረ ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ ያለውን ያሳይ ነበር። አባባ ተስፋዬን አስቡ፣ ፊታቸው የተደረደሩት ልጆች ተረትና ቀልድ ሲያወሩ መሀል ላይ የሚረሳ አለ፣ የሚያፍር አለ፣ ገና ሳይጀምር በራሱ ቀልድ የሚስቅ አለ። እኛ ደሞ ቁጭ ብለን የምናየው ለሱ ነበር፣ ልጁ ቀጥሎ ምን እንደሚል አይታወቅማ።

ዘፋኞቹም ቢሆን የወጡት ሰው ፊት ነው። ማህሙድ አህመድ መርካቶ የተወለደ፣ ጫማ የጠረገ ልጅ ነው፣ ከዛ አሪዞና ክለብ ተላላኪም ምንም ሆኖ ይሰራ ነበር፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከስራ በኋላ እዛ ይመጡ ነበርና በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ማታ ዘፋኙ ቀረ፣ ይሄ ልጅ ልዝፈን አለ፣ ተፈቀደለት፣ ዘፈነ፣ በቃ ክቡር ዘበኛ ገባ። አስቡት እንግዲህ፣ ያ ማታ ፕሌይባክ ቢሆን ኖሮ ዘፋኙ ቢቀርም ሲዲው አይቀርም ነበር፣ ማህሙድም ብርጭቆውን ይሰበስብ ነበር። ሸክላዎቹም ቢሆኑ በዛ ዘመን ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ቆሞ የሚቀዳቸው ናቸው። አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ነው፣ ካልሆነም ስህተቱ እዛው ይቀራል። ዛሬ ስንሰማቸው ሳክስፎኑ ትንሽ ቀድሞ ሲገባ ድምፃዊው እሱን ሲጠብቀው ይሰማል፣ እሱን እየሰማን ነው «አይ የድሮ ሙዚቃ» የምንለው።

ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደሞ ነገሩ ባሰበት። ማታ መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል ክለብና ሆቴል የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እዛው ያነጋል፣ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል፣ አይቤክስ ባንድም በኋላ ሮሃ ተብሎ፣ እንዲህ ነው ሌሊቱን እየተጫወቱ የተሞረዱት። ጊዜውን ለማሞገስ አይደለም፣ ውጪ ምን እንደነበር ሁላችንም ቤተሰባችን ውስጥ እናውቀዋለን። ግን ከምሽት እስከ ንጋት የሰከረ፣ የተኮራረፈ፣ የፈራ፣ እንቅልፍ የጣለው ሰው ፊት የሚጫወት ባንድ ምን ዓይነት ጆሮ እንደሚያወጣ መገመት ይቻላል።

ከዋልያስ ውስጥ ኪቦርዲስቱን ኃይሉ መርጊያን በጣም እወደዋለሁ። ባንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ፣ ከነሱ የተመለሰ ተመለሰ፣ ኃይሉ እዛው ቀረና ለዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ዱለስ ኤርፖርት ተራውን ሲጠብቅ ከታክሲው ኮፈን በባትሪ የሚሰራ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከዛ የድሮ ካሴቱን አንድ የውጪ ሰው አግኝቶ በ2005 በኛ አቆጣጠር እንደገና ሲያሳትመው በስተርጅና ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ። ይሄ ሰውዬ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ለማን ነበር የሚለማመደው? ለማንም። ግን ሲጠሩት ጣቱ ዝግጁ ነበር። (የሱ ኪቦርድ ኬብል ባይኖረውም ባትሪ ነበረው፣ የበዓሉ ሰዎች ይሄን ያስተውሉልኝ።)

እዚህ ሀገር ውስጥ ከዛ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው፣ ኪቦርድ ርካሽ ሆነና ባንዱን በላው። አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ይዞ ድራሙንም ቤዙንም ናሱንም ይጫወታል፣ ሰርግ ቤትም ምሽት ቤትም እሱ ይበቃል ተባለ፣ ካሴትም በሱ ተሰራ። ጥሩ ጥሩ ካሴቶች ወጥተዋል፣ አልክድም፣ እኔም ያደግኩት በነሱ ነው። ግን ድምፃዊ ባንድ መሀል ቆሞ የሚማረው ነገር ቀረ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ለምሳሌ።

ታዲያ የሚገርመው ባንድን ወደ ቲቪ የመለሱልን የውድድር ፕሮግራሞች ናቸው፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ እንዴት እንዳጥላላሁዋቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያን አይዶል ነበር፣ ከዛ የአብርሃም ወልዴ ባላገሩ አይዶል መጣ፣ አሁን ደሞ የፋና ላምሮት። ላምሮት ላይ አንዷ ልጅ ከባንድ ጋር ቆማ አንቺሆዬ ቅኝት ስትጀምር የመጀመሪያዋ ኖት ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ወደታች ይወርድባታል፣ ቤዚስቱ ቀና ብሎ ያያታል፣ እሷም ሰምታዋለች፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይዛው ትመጣለች። ያቺ ሁለተኛዋ ስንኝ ለኔ የዓመቱን የበዓል ፕሮግራም በሙሉ ታስከነዳለች፣ የምሬን ነው። ያኔ እማዬም ዝም ትላለች፣ ቡናውን እንኳን ትረሳዋለች።

የማልወድላቸውም አለ። ዳኞቹ ሲያወሩ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሌላ ዘፈን የሚያህል ጊዜ ይሄዳል፣ አንዱ ዳኛ ያለውን ሌላው ደሞ በሌላ አማርኛ ይደግመዋል። ከዛ የተወዳዳሪዎቹ የህይወት ታሪክ፣ ከስር ቀስ ያለ ፒያኖ፣ እናት ስታለቅስ ካሜራው ፊቷ ላይ ተጠግቶ... ኧረ ተዉ፣ ልጁ ጎበዝ ከሆነ ድህነቱን ለማስመረጫ አታድርጉበት። ሌላው ሁልጊዜ የድሮ ዘፈን መሆኑ ነው። ገባኝ፣ ዳኛውም ተመልካቹም የሚያውቀው ዘፈን ሲሆን ማነጻጸር ይቀላል፣ ግን ልጆቹ የጥላሁንን ትንፋሽ ሳይቀር ገልብጠው ከጨረሱ በኋላ የራሳቸው የት እንደሄደ ይጠፋቸዋል። ዋናው ደሞ ከውድድሩ በኋላ መድረክ የለም። ዳዊት ጽጌን የሚያህል ድምፅ ባላገሩን ካሸነፈ በኋላ ሙሉ አልበም ይዞ እስኪመጣ ስንት ዓመት እንደጠበቅን ታስታውሳላችሁ። እሱስ ጠበቀም ጠበቀ ደረሰ፣ በየዓመቱ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው ድምፃቸው የጠፋውን ማን ይቁጠራቸው።

ሙዚቃ ሙዚቃ አልኩ እንጂ ድራማውም ላይ ያው ነገር አለ። ቃና ቲቪ በ2008 የውጪ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየቀየረ ሲያቀርብ ምን ያህል ጫጫታ እንደነበር ትዝ ይላችኋል፣ የጥበብ ሰዎች ሳይቀሩ ባህል ሊበረዝ ነው፣ ስራችን ሊዘጋ ነው ብለው ተቃወሙ። ካፌ ውስጥ ደሞ ትልቁ ወሬ «አፉና ድምፁ አይገጥምም» ነበር። እኔ ያኔም የሚገርመኝ፣ አፍና ድምፅ የማይገጥምበትን ፕሮግራም እኮ በየበዓሉ ዶሮ እየበላን ስናየው ነው የኖርነው! እንደውም የቃናዎቹ ድምፅ ሰጪዎች ክፍል ውስጥ ገብተው በርግጥ ይተውናሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉ። ፕሌይባክ የሚያደርገው ዘፋኝ ግን ምኑን ይሰራል? ፈገግታውን ብቻ። ሰው ለሰውን ያያችሁ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲናገር ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች አስታውሱ፣ ሰው የሚፈራው ከንግግሩ ይልቅ ዝምታውን ነበር። እንደዛ ዓይነት ዝምታ ቀድሞ ተቀድቶ አይመጣም።

ወደ ኮንሰርት ልሂድ። ኮንሰርት ስል ደሞ ላይቭ ስለሆነ ሁሉም ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። ትኬቱ ላይ አስራ ሁለት ሰዓት ይላል፣ አንተ የዋህ በሰዓቱ ትደርሳለህ፣ ዲጄው አንዱን ዘፈን እየደጋገመ አምስት ሰዓት ያደርስሃል፣ ዋናው ዘፋኝ ሲወጣ እግርህ አልቋል። ፊት ለፊት ያለው ቪአይፒ ተብሎ ሶፋ ተደርድሮበታል፣ እዛ የተቀመጠው ሰው አይጨፍርም፣ አያጨበጭብም፣ ስልኩን ያያል፣ የሚጨፍረው ህዝብ ከኋላ ከአጥሩ ጀርባ ነው፣ ዘፋኙም ምስኪን የሚዘፍነው ለጠርሙስ ነው። ሳውንዱ ደሞ ብዙ ጊዜ ቤዙ ሆድ ይመታል እንጂ ግጥሙ አይሰማም። ከዛ ስልኮች። ፊቴ የቆመው ልጅ ኮንሰርቱን በሙሉ በስልኩ ስክሪን ነው ያየው፣ እኔም በሱ ስክሪን አየሁ፣ ከፍሎ የገባ ሰው ቲክቶክ አይቶ ወጣ ማለት ነው።

ግን እንዲህም ሆኖ የሆነ ነገር ታገኛለህ። አንድ ማታ አንድ አንጋፋ ድምፃዊ (ስሙን አልጠራም) ሁለት ፈጣን ዘፈን ከተጫወተ በኋላ ወደ ኪቦርዲስቱ ዞር ብሎ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። ቀጥሎ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ዘፈን ከካሴቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ገባ። አጠገቤ የነበረ ወጣት ለጓደኛው «አልቋል፣ ድምፁ አልቋል» አለው። እኔ ደሞ ሰውዬው ምን እያደረገ እንደሆነ ቆሜ አየሁ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ እሱ ከስር ሆኖ ቀስ ብሎ ይለዋል፣ ላይኛውን ለህዝቡ ይተወዋል፣ ህዝቡም ሳያውቀው ይወጣዋል፣ የመጨረሻው አዝማች ላይ ግን አንዴ ብቻ ራሱ ወጣና ነካው። ጮህን። ያ ወጣትም ጮኸ። ድሮ የሚችለውን ሁሉ በየዘፈኑ ይበትነው ነበር፣ አሁን የቀረችውን የት እንደሚያወጣት ያውቃል። ይሄን «ድምፁ አልቋል» ብሎ ማለፍ ጆሮ አለመኖር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለዛ ነው ማህሙድ በጥር 2017 ሚሊኒየም አዳራሽ በ83 ዓመቱ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያደርግ «ምን አስጨነቀው፣ የድሮ ክሊፑን ማየት አይሻልም» የሚሉ ሰዎች ያናደዱኝ። ሰውዬው ከስልሳ ዓመት በፊት የቀረ ዘፋኝ ተክቶ በድምፁ ነው የገባው፣ ሲወጣም በድምፁ ቆሞ መውጣት መብቱ ነው። እኛ ደሞ ከካሴቱ ጋር ልናስተያየው አይደለም የምንሄደው፣ ለካሴቱማ ቤታችን አለ።

ከሁሉም በላይ ግን ፕሌይባክ የማያውቀው ቦታ አዝማሪ ቤት ነው። ካዛንቺስ ፈንድቃ ነበረ፣ መላኩ በላይ እዛ ለሽልማት እየጨፈረ ጀምሮ፣ ባንኮኒው ስር እያደረ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ የያዘው፣ አዝማሪውንም ጃዙንም ስዕሉንም ያስገባበት ቤት። ካዛንቺስ ሲፈርስ እሱም ቦታውን ለቀቀ። ከሱ በፊት በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዛው የነበረው የጃዝ ቤት ጃዝአምባም አብሮ ሄዷል። ላይቭ የሚሰማበት ቤት ሲጠፋ ምትክ ቶሎ አይገኝም፣ አንድ ቤት እንዲህ እስኪለመድ ዓመታት ይወስዳል።

አንድ ጊዜ ካዛንቺስ አንድ ትንሽ ቤት ውስጥ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ገና ከበር የገባ አዲስ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ላይ ዓይኑ አረፈ። ሰውዬው ወንበር ሳይዝ፦

ጃኬቱ ቆዳ ነው ያብለጨልጫል፣
ኪሱ ውስጥ ቢገቡ ነፋስ ያፏጫል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው እየሳቀም እየተናደደም መጣና ሁለት መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። አዝማሪው ማሲንቆውን እንኳን አላቆመም፦

ይቅርታ ጌታዬ፣ አይቼው ከሩቅ፣
ቀርቤ ሳየው ግን ኪሱ ሙሉ ወርቅ።

ከዛ አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ብሎ ስለ ኑሮ ውድነት አንድ ግጥም ሰጠው፣ ተቀበለ፣ ሌላዋ ሴት ስለ ቀድሞ ፍቅረኛዋ ሰጠችው፣ እሱንም ተቀበለ፣ የሷ ላይ ማሲንቆው ሳይቀር ድምፁን ቀየረ። ማንም እዛ ቤት ውስጥ ስልኩን አላወጣም፣ ስልኩን ያወጣ እንደሚሰደብ ያውቃላ።

እና እኔ የምለው፣ ለሚቀጥለው በዓል ባንድ ውድ ነው ካላችሁ ባንዱን ተዉት። አንድ አዝማሪ፣ አንድ ማሲንቆ፣ ሁለት ማይክ፣ እንግዶቹ «ተቀበል» ይበሉ፣ ቀጥታ ይተላለፍ። ጣቢያ ውስጥ የሚሰራ ጓደኛዬን ይሄን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዛ ዝም አለ፣ ከዛ «ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ግን ቢሳደብስ?» አለኝ። ማንን? አልኩት። «አቅራቢውን። እንግዶቹን። አንዳንዴ ደሞ ከዛም ከፍ ያለ ሰው። ላይቭ ከሆነ እኮ መቁረጥ አይቻልም፣ ስፖንሰሩስ ምን ይላል?» የሚክሰሩንና የሳውንድ ቼኩን ነገር አላነሳውም፣ የገንዘቡንም ነገር አላነሳውም። ስፖንሰሩ ዘይት ነጋዴ ከሆነ የመጀመሪያው ግጥም ስለ ዘይት ዋጋ እንደሚሆን እሱም እኔም እናውቃለን፣ የዛን ቀን ደሞ እማዬ ሪሞቱን ከእጄ ነጥቃ ድምፁን እንደምትጨምረው አልጠራጠርም።